ቴሌብር በተጠቃሚው ጣት ሲመዘን

የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስለ እርሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ቁጥር ነው፤ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ቢሊዮን ብር ተንቀሳቀሰ፣ ስንት ወኪልና ነጋዴ ገባ። ቁጥሮቹ የሚናቁ አይደሉም። በ2014 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ20 ሚሊዮን በላይ የነበረው የተጠቃሚ ብዛት በ2016 የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ከ47 ሚሊዮን አልፏል። እዚህ የምመዝነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ገንዘብ እስኪልክ ወይም ሒሳብ እስኪከፍል ድረስ ጣቱ የት የት እንደሚያርፍ፣ ዓይኑ ምን እንደሚያነብ፣ የት ላይ እንደሚያመነታ፣ የት ላይ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጥሬ ገንዘብ እንደሚመለስ። የሙያው ሰዎች ይህን ሁሉ ጠቅልለው የተጠቃሚ ልምድ ይሉታል።

በእኛ አገር የድርጅት ባለቤቶች ዘንድ ዲዛይን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጌጥ ተደርጎ ይታያል፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው። ቴሌብርን የመረጥኩት ይህ አመለካከት የት ላይ እንደሚያከስር፣ ተቃራኒው ደግሞ የት ላይ እንደሚያተርፍ በአንድ ምርት ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ነው። አገልግሎቱን በዕለት ተዕለት ኑሮዬ እጠቀምበታለሁ፤ ከዚያ በመነሣት የደረስኩበት ፍርድ ቴሌብር ተጠቃሚን ያተረፈው እርምጃ በቀነሰበት ቦታ ሁሉ መሆኑን፣ አገልግሎት በደራረበበት ቦታ ግን ውጤቱ እንደ ድካሙ አለመሆኑን ነው።

ከቴሌብር በፊት የሞባይል ገንዘብ በኢትዮጵያ አልነበረም ማለት አይቻልም። ኤም ብር፣ ሄሎ ካሽ፣ ሲቢኢ ብር እና አሞሌ ቀድመውት ገበያ ላይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ከባንክ ወይም ከማይክሮፋይናንስ ተቋም ጋር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ባንክ ያልሆነ ድርጅት የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ እንዲያወጣ በር የከፈተው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። መመሪያው ሲወጣ ኢትዮ ቴሌኮም በእጁ የነበረው ሀብት ከቴክኖሎጂው የሚበልጥ ነበር። የአብዛኛው ደንበኛ ስምና መረጃ ሲም ካርድ ሲወጣ ተመዝግቧል፤ ስልክ ቁጥሩን እያንዳንዱ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ የአየር ሰዓት ለመሙላት በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያበቃ ቁጥር መምታትን አገሩ በሙሉ ለምዶታል። ስለዚህ አዲሱ ተጠቃሚ አዲስ የሒሳብ ቁጥር መያዝ፣ ቅርንጫፍ ሄዶ ቅጽ መሙላት፣ ፎቶግራፍ ይዞ መሰለፍ አላስፈለገውም። *127# መትቶ የሚስጥር ቁጥር ሲያወጣ ሥራው ያልቃል። ከሰነድና ከሰልፍ የተገላገለው ይህ የምዝገባ መንገድ፣ በእኔ ግምት፣ በማስታወቂያ ከፈሰሰው ገንዘብ ሁሉ በላይ ሠርቷል።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን ግን አንድ ነገር መታከል አለበት። ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ኢትዮ ቴሌኮም የአገሪቱ ብቸኛ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለሕዝብ የከፈተው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ኤምፔሳ የተባለውን የራሱን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ያስጀመረው ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ነው። ሁሉም ሰው ደንበኛው በሆነበት ገበያ የምዝገባ ቁጥር ማብዛት ብዙም አያስደንቅም። መመዝገብና መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተጠቃሚው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው የገበያ የበላይነት ሳይሆን የመጀመሪያው ልምዱ ነው።

የቴሌብርን ጥንካሬ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያምረውን መተግበሪያ ለጊዜው ይተወውና በቁልፍ ስልክ *127# ይምታ። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ስልኩ ርካሽ ይሁን ውድ ግድ የለውም። ንድፍ አውጪው ግን እጅግ በጠበበ ቦታ ላይ እንዲሠራ ይገደዳል። የስልክ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ሆሄ ይገባበታል፣ በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ ግን 70 ብቻ። በኮከብ ቁጥር የሚከፈተው ዝርዝርም ተመሳሳይ ጥበት አለበት። የአማርኛና የትግርኛ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው እንግሊዝኛውን የሚያዘጋጀው ባልደረባው ካለው ቦታ ከግማሽ ባነሰው መሥራት አለበት ማለት ነው። ፊደላችን በአንድ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ መያዙ ጥቂት ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያካክስም። በዚያ ላይ አንዳንድ አሮጌ ስልኮች የግዕዝን ፊደል ማሳየት ስለማይችሉ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሣጥን ይደረድራሉ፤ በአገራችን አማርኛ በላቲን ፊደል የተጻፈበት የስልክ መልእክት የበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ አማራጮቹን በምን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ እንዳለበት የሚወስነው ሰው የውበት ባለሙያ አይደለም፤ የንግድ ውሳኔ ሰጪ ነው። ገንዘብ መላክ አንደኛ ቁጥር ላይ ቢሆን እና ስምንተኛ ቁጥር ላይ ሆኖ በሁለተኛው ገጽ ቢቀመጥ ያለው ልዩነት በሚሊዮን ሲባዛ ትልቅ ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ገጽ ጊዜ ይበላል፤ ግንኙነቱ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆይ ስለሆነ ተጠቃሚው የተቀባዩን ቁጥር ከወረቀት ላይ እያነበበ ሲዘገይ ሊቋረጥ ይችላል፤ ከተቋረጠ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። አሥር አሃዝ ያለውን ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ የገንዘቡን መጠን፣ ከዚያ ባለ ስድስት አሃዝ የሚስጥር ቁጥሩን በትንንሽ ቁልፎች የሚመታ ሰው ይህ ሁለት ጊዜ ቢደርስበት ለሦስተኛው ትዕግሥት የለውም። ድርጅቱ ይህን ሰው በማንኛውም ሪፖርቱ ላይ አያገኘውም፤ የተቋረጠ ግንኙነት ቅሬታ አያስመዘግብምና።

ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም አሳይቶ «ትክክል ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን ገጽ በተመለከተ ምንም ነቀፋ የለኝም። ይህ ገጽ በንድፍ ሥራ ውስጥ እርምጃ መጨመር ትክክል የሚሆንበት ቦታ መኖሩን ያሳያል። ሰው ፍጥነት የሚፈልገው እርግጠኛ በሆነበት ላይ ነው፤ ገንዘቡ ሊጠፋበት በሚችልበት ላይ አንድ አፍታ መቆምን ይመርጣል። በአንድ አሃዝ ስሕተት ለማያውቁት ሰው የተላከ ገንዘብ ለማስመለስ የሚወስደው ልመናና ክትትል ምን እንደሚመስል በዙሪያው ያላየ ሰው የለም።

የዚህ ዓይነት አሠራር ከየት እንደመጣ ለማየት ወደ ኬንያ ጥቂት ማለፍ ይጠቅማል። ኤምፔሳ በኬንያ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ከ2005 ጀምሮ የሙከራ ጊዜ ነበረው። በእንግሊዙ የቴሌኮም ኩባንያ በቮዳፎን የነበሩት ኒክ ሂውዝ እና ሱዚ ሎኒ የመሩት ይህ ሙከራ የታሰበው ለገንዘብ ዝውውር አልነበረም፤ ዓላማው ፋውሉ ከተባለው የማይክሮፋይናንስ ተቋም የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሙከራው ሲካሄድ ተጠቃሚዎቹ በስልካቸው የገባውን ገንዘብ ራቅ ላሉ ዘመዶቻቸው ሲልኩበትና ለሌላ ጉዳይ ሲያውሉት ታዩ። አዘጋጆቹ ሰውን ወደ ታቀደው መንገድ ለመመለስ አልታገሉም፤ የብድሩን ነገር ትተው ሰዎቹ በራሳቸው ያገኙትን አጠቃቀም ምርት አደረጉት፤ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል አንድ ነጠላ ተስፋ ይዘውም ገበያ ወጡ። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ የሆነው የታወቀ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ትልቁ የንግድ ውሳኔ የተወለደው ከስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን ተጠቃሚ ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብሎ ከመመልከት መሆኑ ነው።

ወደ ቴሌብር ስንመለስ፣ ከአገልግሎቱ ሁሉ ክብደት የምሰጠው ብዙ ሰው ልብ ለማይለው ለማረጋገጫ መልእክቱ ነው። ክፍያ በተፈጸመ ቁጥር ከ127 የሚመጣው አጭር ጽሑፍ የተላከውን መጠን፣ የተቀባዩን ስም፣ የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ የአገልግሎት ክፍያውን፣ በእርሱ ላይ የታሰበውን 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ እና ቀሪ ሒሳቡን ዘርዝሮ ይይዛል። በወረቀት ደረሰኝ ለኖረ ኅብረተሰብ ይህ ጽሑፍ የእምነት መሠረት ነው። ገንዘብ በዓይን የማይታይ ሲሆን የሚታይ ምልክት የግድ ያስፈልጋል፤ ይህን ድርጅቱ ከመጀመሪያው ተረድቶታል። መልእክቱን የሚያጠፋ ሰው ብዙም አላየሁም፤ የቤት ኪራይ የከፈለበትን፣ ለዕቁብ ያስገባበትን ሁሉ እያጠራቀመ እንደ መዝገብ የሚጠቀምበት ብዙ ነው።

ሆኖም ይህ መልካም ነገር ለከፋዩ እንጂ ለተከፋዩ በእኩል አልተሠራለትም። በአዲስ አበባ በማናቸውም ካፌ ሒሳብ ሲከፈል የሚታየውን እናስብ። ደንበኛው በግድግዳ ላይ ወደተለጠፈ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ይልካል፤ ማረጋገጫው የሚደርሰው እቤቱ ወይም ሌላ ቅርንጫፍ ላለው ባለቤት ነው። አስተናጋጇ የደንበኛውን ስልክ ተቀብላ ስክሪን ሾቱን ታያለች፣ ወይም በራሷ ስልክ ፎቶ ታነሣዋለች፣ ወይም ለባለቤቱ ደውላ «ገባ?» ብላ ትጠይቃለች። በሐሰት የተሠራ ስክሪን ሾት እያሳዩ የሚሄዱ አታላዮች መብዛታቸው ሥራውን ይበልጥ አክብዶታል። በመተግበሪያው ላይ ሦስት ሰከንድ የፈጀው ክፍያ በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የቀረውን ጊዜ ንድፉ አይቆጥረውም።

ለነጋዴዎች የተዘጋጀው የተለየ ሒሳብና የኪዩአር ኮድ አንዱ ዓላማ ይህን ችግር ማቃለል ነው። ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ግን አሁንም በግል ቁጥራቸው መቀበልን ይመርጣሉ። ግብርን መሸሽ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እርሱም የለበትም አልልም። ነገር ግን ጥያቄው በገንዘብ ተቀባይዋ ቦታ ሆኖም መታየት አለበት፦ ክፍያ መግባቱን እርሷ ራሷ፣ በዚያው ቅጽበት፣ የባለቤቱን ቀሪ ሒሳብ ሳታይ ማረጋገጥ የምትችልበት መንገድ ለመያዝ ምን ያህል ቀላል ነው? በአንዳንድ አገሮች ሱቆች ውስጥ ክፍያ ሲገባ መጠኑን በድምፅ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ተለምዷል፤ ሻጩ እጁ ሥራ ላይ እያለ ጆሮው ብቻ ይበቃዋል። ለእኛ ካፌና ለእኛ ጉሊት የሚስማማው እንዲህ ያለው መፍትሔ ይመስለኛል፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ በመተግበሪያው ላይ ከሚጨመር ሌላ አዶ (የአገልግሎት መክፈቻ ትንሽ ምስል) ይልቅ ብዙ ነጋዴ ያመጣል።

በማረጋገጫው መልእክት ላይ ያለኝ ሌላ ቅሬታ ከጊዜ አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። መልእክቱ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ይጽፋል። 05/03/2025 ከሰዓቱ 15:20 ጋር ተጽፎ ሲመጣ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መሆኑን ለማወቅ የሚያስፈልገው ስሌት ቀላል አይደለም፤ 05 ቀኑ ይሁን ወሩ የሚለው ጥርጣሬ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ለባንክ ባለሙያ ይህ ችግር አይደለም። የትናንቱን ደረሰኝ ለዛሬ አድርጎ ያሳያትን ደንበኛ ለመያዝ የምትሞክር የሱቅ ሠራተኛ ግን ችግሩ የእርሷ ነው። በተጠቃሚው የቋንቋ ምርጫ ላይ ተመሥርቶ ሁለቱንም አቆጣጠር ማሳየት የሚችል ሥርዓት መሥራት ከባድ ምሕንድስና አይጠይቅም፤ መተግበሪያው በአምስት ቋንቋዎች እንዲቀርብ የተደረገለት ተጠቃሚ ሰዓቱንም በራሱ ልማድ ማንበብ ይገባዋል።

መተግበሪያው ወደ ሱፐርአፕነት፣ ማለትም ብዙ ዓይነት አገልግሎት በአንድ ላይ ወደ መያዝ፣ ከተሸጋገረ በኋላ ያለው ገጽታ ግን ለእኔ የቴሌብር ደካማ ጎን ነው። የመብራት ሒሳብ፣ የውኃ ሒሳብ፣ የትራፊክ ቅጣት፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ብድር፣ ቁጠባ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ መዝናኛ፤ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ትንንሽ ምስል ሆነው ይሻማሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ማስታወቂያው ይፈራረቃል። አገልግሎቶቹ በየራሳቸው ጠቃሚ ናቸው፤ ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. የተጀመሩት መላ፣ እንደኪሴ እና ሳንዱቅ ለአነስተኛ ብድርና ቁጠባ የከፈቱት ዕድል ትልቅ ነው። በተለይ እንደኪሴ ጥሩ የንድፍ አስተሳሰብ ይታይበታል፤ ሰው ብድር የሚያስፈልገው ሊከፍል ቆሞ ሒሳቡ ባነሰው ቅጽበት መሆኑን ተረድቶ መፍትሔውን እዚያው ክፍያው ላይ አስቀምጦታል። የሌሎቹ አቀማመጥ ግን ባለሱቁ ያመጣውን ዕቃ ሁሉ ደጃፉ ላይ ደርድሮ መግቢያ ያሳጣው መደብር ዓይነት ነው። ተጠቃሚው የሚፈልጋቸውን ሦስት አራት ነገሮች በቦታቸው ስለለመደ ብቻ ያገኛቸዋል፤ አዲስ ሰው ግን ይፈልጋል፣ ይጠይቃል፣ ይተዋል።

የዚህ መጨናነቅ ምንጭ ንድፍ አውጪ ማጣት አይመስለኝም። በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ የመነሻ ገጹ ቦታ የየክፍሉ መፎካከሪያ ይሆናል፤ እያንዳንዱ አጋርና እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የእርሱ አዶ ከላይ እንዲታይ ይጠይቃል፤ እምቢ የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ከሌለ ገጹ የድርጅቱን መዋቅር እንጂ የተጠቃሚውን ፍላጎት አይመስልም። ይህ በሽታ የቴሌብር ብቻ አይደለም፤ በባንኮቻችን መተግበሪያዎችም በብዛት ይታያል። እንዲያውም ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ባንክ መተግበሪያ ውስጥ ቀሪ ሒሳቤን ለማየት በሦስት ማስታወቂያ ማለፍ ነበረብኝ፤ የይለፍ ቃሌን ስረሳ ደግሞ «ወደ ቅርንጫፍ ይሂዱ» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ አለ፤ መተግበሪያውን ግን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ።

ጥሩ ልምድ ባይኖርም ተጠቃሚ የሚበዛበት አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም ግዴታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ሲወሰን ብዙ አሽከርካሪ በአንድ ጊዜ ወደ ቴሌብር ገባ። በማደያዎች ላይ የታየው ግን ንድፍ ለምን ከመተግበሪያው ገጽ ማለፍ እንዳለበት የሚያስረዳ ነው። ክፍያው የሚፈጸመው ከኋላው መኪና ተሰልፎ፣ ኔትወርክ ደካማ ሆኖ፣ ቀጂው የታርጋና የስልክ ቁጥር እየጠየቀ፣ ፀሐይ በስክሪኑ ላይ እያበራ ነው። በቢሮ ውስጥ የማይታወቅ የአሥር ሰከንድ መዘግየት እዚያ ሰልፉን ያረዝማል። ግዴታ ለድርጅቱ ክፉ ውለታ ይውላል፤ የግብይት ቁጥሩ ስለሚጨምር የቀረበው አገልግሎት የተወደደ ያስመስላል፣ ተጠቃሚው መሄጃ ስለሌለው የት ላይ እንደተማረረ አይታወቅም። አማራጭ ሲመጣ ግን የታመቀው ምሬት በአንድ ጊዜ ይወጣል።

በተቃራኒው፣ መንገዱ ቀልሎ ውጤቱ ያልተገኘበት ምሳሌም አለ፤ ስለ ተጠቃሚ ልምድ ሲነገር ይህን መደበቅ አግባብ አይመስለኝም። ኢትዮ ቴሌኮም የድርጅቱን 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ለመሸጥ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲነሣ ሽያጩ በቴሌብር ሱፐርአፕ በኩል ብቻ እንዲሆን አደረገ። ቀርበው የነበሩት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ሲሆኑ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ የግዢ መጠን 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር። ከዚህ በፊት አክሲዮን መግዛት ማለት ቅጽ መሙላትና ቢሮ መመላለስ ለነበረበት አገር ይህ በእጅ ስልክ የሚያልቅ መሆኑ እውነተኛ እመርታ ነው። የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞ የካቲት 7 ቀን ሲዘጋ ግን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በገንዘብ 3.2 ቢሊዮን ብር፣ የገዢዎቹም ብዛት 47,377 ነበር። ከቀረበው አንድ አሥረኛው ገደማ ማለት ነው።

ይህን ውጤት በንድፉ ማሳበብ አይቻልም። ሰዎች አዝራሩን መጫን አላቃታቸውም፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ነው ያቃታቸው፤ ሽያጩ ሲካሄድ አክሲዮኑን መልሶ የሚሸጡበት ገበያም ገና በእግሩ አልቆመም ነበር። ቢሆንም አርባ ሰባት ሺህ ሰው የቢሮ ደጅ ሳይረግጥ ባለ አክሲዮን መሆኑ ያለ ቀላሉ መንገድ የሚታሰብ አልነበረም። የንድፍ ኃይልም ወሰኑም በዚህ አንድ ሽያጭ ውስጥ ይታያል፤ የሚፈልገውን ሰው ያደርሳል፣ የማይፈልገውን ግን እንዲፈልግ አያደርገውም።

በማናቸውም የቴሌብር ማስታወቂያ ላይ የማይታይ አንድ ተጠቃሚ አለ፤ እርሱም በጎን የተቀመጠው ረዳት ነው። በየቤቱ የእናትን ወይም የአያትን ስልክ ይዞ ገንዘብ የሚልክ፣ የመብራት ሒሳብ የሚከፍል ልጅ አለ። «ልጄ፣ እስቲ ይችን ለእትዬ ላክልኝ» ይባላል፤ ልጁ የሚስጥር ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠይቃል፤ እናትም ጮክ ብላ ትነግረዋለች። ልጅ በሌለበት ቤት ይህን የሚሠራው የሰፈሩ ወኪል ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን አውቆ ለአዛውንት ደንበኞቹ ሁሉንም የሚፈጽም ወኪል ማግኘት ከባድ አይደለም። ድርጅቱ በመዝገቡ ላይ ወይዘሮዋን እንደ ንቁ ተጠቃሚ ይቆጥራቸዋል። በእውነቱ ግን አገልግሎቱ ለእርሳቸው ገና አልደረሳቸውም፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ ነው የተገኘላቸው። ይህ ደግሞ የደኅንነት ቀዳዳ ነው፤ የሚስጥር ቁጥርን ለማንም አትስጡ የሚለው ማሳሰቢያ ንድፉ ራሱ እንዲሰጡ በሚያስገድዳቸው ሰዎች ላይ ትርጉም የለውም።

በድምፅ የሚመራ አማራጭ፣ ወይም ለታወቁ ጥቂት ሰዎች በውስን መጠን ብቻ መላክ የሚያስችል ቀለል ያለ ገጽ፣ ወይም ባለቤቷ ሙሉ ሥልጣን ሳትሰጥ ልጇን ረዳት አድርጋ የምታስመዘግብበት መንገድ ቢኖር ይህ ክፍተት ይጠባል። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ቦታ መስጠት እንደ በጎ አድራጎት መቆጠር የለበትም። የታክሲ መጥሪያ አገልግሎቱ ራይድ በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው መተግበሪያ ስላለው ብቻ አይደለም፤ 8294 ደውሎ በአማርኛ «ቦሌ መድኃኔዓለም በር ላይ ነኝ» ለሚል ሰውም እኩል ስለሚሠራ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙም በማይሠራበት ከተማ ውስጥ ይህ የጥሪ ማዕከል ከማናቸውም ካርታ ያላነሰ የንድፍ ሥራ ነው፤ ገቢውም ከዚያ ይመጣል።

ከኤምፔሳ መግባት በኋላ ጉዳዩ ለቴሌብርም ከበፊቱ የበለጠ ቁም ነገር ሆኗል። ሁለተኛ ሲም በኪሱ ያለው ወጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ነጋዴውም ሁለቱንም ኮድ ጎን ለጎን መለጠፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ ገበያ ዋጋን ተፎካካሪ በአንድ ቀን ይቀዳዋል፣ የአገልግሎት ዝርዝርንም በጥቂት ወራት ይደርስበታል። የካፌዋ ገንዘብ ተቀባይ በየትኛው ስልክ ላይ ክፍያ ሲገባ ያለ ጥርጣሬ «ገብቷል፣ አመሰግናለሁ» ማለት እንደምትችል ግን ቶሎ የሚቀዳ ነገር አይደለም፤ ተቀምጦ ማየትን፣ መሞከርን፣ የማያስፈልገውን መቀነስን ይጠይቃልና።

አገልግሎቱን ለመጠቀም ለሚያስቡ ሰዎች ያለኝ ምክር እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። ገንዘብ ለመላክ፣ ሒሳብ ለመክፈልና የአየር ሰዓት ለመሙላት ቴሌብር ዛሬ በአገሪቱ ካሉት መንገዶች ሁሉ ተደራሽነቱ የሰፋ ነው፤ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። መተግበሪያውን የሚጭን ሰው *127#ን ጭምር ይለማመደው፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን የሚሠራው እርሱ ነው። የካፌ፣ የፋርማሲ ወይም የሱቅ ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ የግል ቁጥሩን ከግድግዳው ላይ ያንሣና የነጋዴ ሒሳብ ያውጣ፤ ማረጋገጫው ገንዘብ ለምትቀበለዋ ሠራተኛ በቀጥታ የሚደርስበትን መንገድም ከወኪሉ ጋር ቁጭ ብሎ ይጨርስ። ለወላጆቹ የሚያስብ ሰው ምዝገባውን ሲያግዛቸው የሚስጥር ቁጥሩን ራሳቸው እንዲመርጡና ራሳቸው እንዲመቱ ያለማምዳቸው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ይረዝማል እንጂ ብዙዎቹ ይለምዱታል።